የኮሌጅ የሴቶች ባስኬትቦል ቡድን ገቢ እንዴት ይጨምራል? ትኬት ቢሮ ነው የምሰራው፣ ሀሳብ ስጡኝ

ህሊና_ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ኮሌጅ አትሌቲክስ ዲፓርትመንት ትኬት ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሶስተኛ ዓመቴ ነው። ዲቪዥን አንድ ነን፣ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ ማለት ነው፣ ግን ትንሽ ነን፣ ቲቪ ላይ የምታዩት ዓይነት አደለም፣ ፉትቦልም የለንም። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ የሴቶች ባስኬትቦል ገቢውን ካላሳደገ የጉዞ ባጀቱ ይቀነሳል ተባለና ፕላን ማን ያምጣ ሲባል እኔ እጄን አወጣሁ። ያወጣሁት ልጆቹን ስለማውቃቸው ነው፣ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 6 ሰዓት ላይ ጂም የሚገቡ ማታ ደሞ ላይብረሪ የማገኛቸው ልጆች ናቸው፣ አውቶቡስ ውስጥ 7 ሰዓት ተቀምጠው ሄደው ተጫውተው በዛው ሌሊት ሲመለሱ አይቻለሁ፣ ከዚህ ምን ተቀንሶ ምን ሊቀር ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ እንዲ ነው። ጂማችን ወደ 3 ሺህ ሰው ይይዛል፣ የሴቶች ጨዋታ ላይ ግን 300 ሰው ካየን ጥሩ ቀን ነው፣ ከሱም ግማሹ በነፃ ትኬት የገባ ነው። የወንዶቹ ትኬት 20 ዶላር ነው፣ የሴቶቹ 5 ዶላር ተብሎ ይፃፋል ግን ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል፣ የወንዶች ሲዝን ትኬት የገዛ የሴቶቹን ዝም ብሎ በነፃ ያገኛል፣ ስፖንሰርም ቢሆን የወንዶቹን ፓኬጅ ሲገዛ የሴቶቹ ላይ ሎጎው ተጨምሮ ይለጠፍለታል። አለቃዬ "የሴቶች ጨዋታ አይሸጥም" ይላል፣ ክፉ ሰው ሆኖ አደለም፣ ከልቡ ያምንበታል። እኔ ግን የ2024ቱን የሴቶች ኮሌጅ ባስኬትቦል ፋይናል አየሁ፣ ሳውዝ ካሮላይና ከአይዋ፣ ወደ 18.9 ሚሊዮን ሰው ነው ያየው፣ የወንዶቹን ፋይናል ያየው 14.8 ሚሊዮን ነበር። ታዲያ አይሸጥም የሚባለው ምኑ ነው?

ጥያቄዬ፣ እንደኛ ያለ ትንሽ ኮሌጅ፣ እንደ አይዋዋ ኮከብ ኬትሊን ክላርክ ያለ ተጫዋች የሌለው፣ ከየት ይጀምራል? ትኬት ላይ ላተኩር? ስፖንሰር? ዶነሽን? የኛን ሰው ማምጣትስ ይቻላል ወይ፣ ከካምፓሳችን 20 ደቂቃ ውስጥ ስንት ሺህ ሀበሻ እንዳለ ታውቃላችሁ። የምታውቁትን ንገሩኝ፣ በተለይ ኮሌጅ ስፖርት አካባቢ የሰራችሁ ካላችሁ።

—

አይዋ_ሲቲ_12ዓመቴ፦

ህሊና እኔ ኮሌጅ ስፖርት ውስጥ ሰርቼ አላውቅም፣ ሆስፒታል ነው የምሰራው፣ ግን አይዋ ሲቲ ስኖር 12 ዓመቴ ነው እና ኬትሊን የተፈጠረችው እዚሁ ዓይኔ ስር ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 2023 ኪኒክ ስታዲየም፣ የፉትቦል ሜዳው ላይ ማለት ነው፣ ውጪ ሜዳ ዘርግተው ከዲፖል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ 55,646 ሰው ነበር፣ በሴቶች ባስኬትቦል ታሪክ እንደዛ ዓይነት ተመልካች ታይቶ አያውቅም። እኔም ከልጄ ጋር ነበርኩ፣ ከተገኘውም ገቢ ለዩኒቨርሲቲው የልጆች ሆስፒታል ተሰጥቷል። ከጎኔ የተቀመጡት ማን መሰሉሽ፣ 70 ዓመት የሚሆናቸው ሁለት እህትማማቾች፣ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ነጥብ ይመዘግባሉ።

አነጋገርኳቸው፣ እዚህ ስቴት ውስጥ ሴቶች ልጆች በሃይስኩል 6 ለ 6 የሚባል ባስኬትቦል ይጫወቱ ነበር፣ ሶስቱ ማጥቃት ሶስቱ መከላከል፣ መሃል መስመሩን ማለፍ የለም። እስከ 1993 ድረስ ነበር። ትንንሽ የገበሬ ከተማ ሁሉ የሴቶች ቡድን ነበረው፣ የስቴቱ ውድድር ሲደርስ ከተማው ተዘግቶ ደሞይን ይሄዳል። እነዛ ልጃገረዶች ናቸው ዛሬ አያት ሆነው ትኬት የሚገዙት። በ1985 ደሞ ቪቪያን ስትሪንገር ኮች በነበረች ጊዜ አይዋ ከኦሃዮ ስቴት ሲጫወቱ 22,157 ሰው ገብቷል፣ ጂሙ ከሚችለው በላይ ማለት ነው፣ ኬትሊን ሳትወለድ በፊት።

ይሄን የምነግርሽ ለምንድነው፣ ሰው "ኬትሊን ስለሌለን ነው" ሲል እሰማለሁ። ኬትሊን እኮ ከዌስት ደሞይን ናት፣ የዚሁ ስቴት ልጅ ናት፣ የመጣችውም ጨዋታ ማየት የለመደ ሰው ጋ ነው። ሊሳ ብሉደር ከ2000 ጀምሮ እዛው ኮች ነበረች፣ ሰዉን በስም ታውቀዋለች። ስለዚ ኮከብ ፍለጋ አትድከሚ፣ ሰው የማስለመድ ስራ ነው ያለብሽ፣ እሱ ደሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ለአለቃሽ በአንድ ሲዝን ተአምር ይመጣል ብለሽ ቃል እንዳትገቢለት።

—

እማማ_ቡና_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ህሊና የኔ ልጅ፣ እኔ ስለ ባስኬትቦል የማውቀው ልጆቼ ሲጫወቱ ያየሁትን ነው፣ መሸጥ ግን አውቃለሁ፣ 22 ዓመት ሸጫለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሽንኩርት ስትገዢ ሻጯ አንድ ሁለት ራስ ትመርቅልሻለች አደል? ያንን የተመረቀውን ቤት ገብተሽ ቆጥረሽው ታውቂያለሽ? ማንም አይቆጥረውም። ያንቺን ፅሁፍ ሳነበው የታየኝ እሱ ነው፣ ሴቶቹን ምርቃት አድርገዋቸዋል። የወንዶቹን ትኬት ለገዛ ምርቃት፣ የወንዶቹን ስፖንሰር ላደረገ ምርቃት። ተመርቆ የተሰጠን ነገር ደሞ በማግስቱ በ5 ብር ልሽጥልህ ብትዪው ማንም አይገዛሽም፣ ትናንት በነፃ ሰጥተሽው ለምን ይከፍላል?

ስለዚ መጀመሪያ ምርቃቱን አቁሚ። ዋጋው ትንሽ ይሁን፣ 8 ይሁን 10 ይሁን፣ ግን ዋጋ ይኑረው።

ሁለተኛ፣ በፌዴሬሽናችን የእግር ኳስ ውድድር ላይ ቡናና ሳምቡሳ እሸጥ ነበር፣ ኢኤስኤፍኤንኤ፣ ታውቂው የለ፣ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሳምንት ከተማ እየቀየረ የሚደረገው። እዛ የሚመጣው ሰው ሁሉ ኳስ ሊያይ መሰለሽ? ግማሹ ሜዳውን ዞር ብሎ አያየውም። ሰው ሊያይ ነው የሚመጣው፣ አብሮ የተማረውን፣ የሰፈሩን ልጅ፣ የሰርጉን ሚዜ። ገቢውም ከበሩ ብቻ አደለም፣ ከድንኳን ኪራይ አለ፣ ከስፖንሰር አለ፣ ማታ ማታ ከኮንሰርት አለ። እና አንቺም ትኬት ለአንድ ሰው አትሽጪ፣ ለአንድ ማህበር ሽጪ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ እድር፣ የልጆች እግር ኳስ ክለብ፣ የነርሶች ማህበር። ለምሳሌ ለአንድ የልጆች ክለብ 100 ትኬት በ10 ብር ይሽጥ በዪው፣ ከያንዳንዱ 3 ብር ለክለቡ ማሊያ መግዣ ይቅር፣ 7ቱ ላንቺ። ያኔ የሚሸጥልሽ 40 እናትና አባት አገኘሽ ማለት ነው፣ እናት ስትሸጥ ደሞ እምቢ የሚላት የለም።

ብቻ አንድ ነገር፣ "የኢትዮጵያ ማታ" ብላችሁ ባንዲራ ሰቅላችሁ አንድ ዘፈን ከፍታችሁ ሰው ይመጣል እንዳትዪ። ቀድመሽ ሄደሽ፣ ቤተክርስቲያኑ ደጅ ቆመሽ፣ መስጊዱ ጋ ሄደሽ፣ በስም ጠርተሽ፣ ስልክ ደውለሽ ነው። ፍላየር የሚያነብ የለም።

—

ህሊና_ከአሌክሳንድሪያ፦

እማማ ምርቃት ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፣ እውነት ነው፣ ትኬት ቢሮ የምሰራ ሰው እንዴት እንዲ አላየሁትም። ቡናና ሳምቡሳውን ግን እኛ ጂም ውስጥ ማስገባት አንችልም፣ ምግብ የሚሸጠው ካምፓኒ ኮንትራት አለውና ሌላ ሻጭ አይገባም።

—

እማማ_ቡና_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ኮንትራቱ ያለውን ካምፓኒ ሄደሽ አነጋግሪዋ፣ እሱ ራሱ ከኛ ሰው ሳምቡሳ ገዝቶ ይሽጥ፣ አተረፈ እንጂ ምን ጎደለው። ካልሆነም ከበር ውጪ ፓርኪንጉ ላይ የኮሌጁን ፈቃድ ጠይቂ።

—

አካውንታንት_ዘ_ፌርፋክስ፦

እሺ ህሊና፣ እኔ ሲፒኤ ነኝ፣ ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ ማለት ነው፣ በፊት አንድ ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ሰርቻለሁ እና የአትሌቲክስ ሂሳብ በእጄ አልፏል፣ ብዙ ነገር አለኝ ተራ በተራ ሳይሆን እንደመጣልኝ ልፃፈው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ቁጥር እዪ። ኢኤዲኤ የሚባል ሪፖርት አለ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ስፖርት ያለው ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ በቡድን በቡድን ገቢና ወጪውን ያሳውቃል፣ ትምህርት ሚኒስቴሩ ዌብሳይት ላይ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ብዙ ትናንሽ ኮሌጆች ላይ የሴቶች ባስኬትቦል ገቢና ወጪ ልክ እኩል ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ አትደነቂ፣ ቡድኑ ያንን ያህል ሸጦ አደለም፣ ኮሌጁ ከካዝናው የሸፈነው ብር ገቢ ተብሎ ስለሚገባ ነው። እና አለቃሽ "ገቢ ይጨምር" ሲል የቱን ገቢ እንደሆነ በፅሁፍ ጠይቂው፣ ከውጪ የመጣ ብር፣ ማለትም ትኬት፣ ስፖንሰር፣ ዶነሽን፣ ካምፕ፣ ለብቻ መስመር ይኑረው። አሁን ባለው አሰራር የወንዶቹን ሲዝን ትኬት የገዛ ሰው ሴቶቹ ጋ ሲገባ ከዛ ብር ለሴቶቹ የሚመዘገብ አንድ ዶላር አለ? እንደምገምተው የለም። ቡድኑ ሰርቶ ያመጣው ብር ሌላ ቡድን ስም ላይ እየተፃፈ "አይሸጥም" ይባላል።

እማማ ምርቃት ያሉት ነገር ደሞ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ራሱ ላይ የደረሰ ነው። በ2021 የሴቶቹ ሻምፒዮና ሳን አንቶኒዮ ሲደረግ ሴዶና ፕሪንስ የምትባል የኦሪገን ተጫዋች የሴቶቹን ክብደት ማንሻ ክፍል በቲክቶክ አሳየች፣ አንድ መደርደሪያ ትናንሽ ዳምቤል ብቻ፣ የወንዶቹ ሙሉ ጂም ነበር። አገር ተናወጠ፣ ከዛ ኤንሲኤኤ የህግ ቢሮ ቀጥሮ አስጠና። ጥናቱ ያገኘው ምን መሰለሽ፣ የሴቶቹ ውድድር የቲቪ መብት ከሌሎች ከ20 በላይ ሻምፒዮናዎች ጋር አንድ ላይ ታስሮ በዓመት በአማካይ 34 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው የተሸጠው፣ ለብቻው ቢሸጥ ግን በ2025 ከ81 እስከ 112 ሚሊዮን በዓመት ያወጣል ብሎ ገመተ። ከዛ በ2024 ጃንዋሪ አዲስ ኮንትራት ከስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ጋር ተፈረመ፣ 8 ዓመት 920 ሚሊዮን፣ አሁንም 40 ሻምፒዮና አንድ ላይ ነው ግን የሴቶች ባስኬትቦል ብቻ በዓመት 65 ሚሊዮን ያህል ተብሎ ተገመተ። ዋጋ ስለተለጠፈበት ብቻ የመጣ ለውጥ ነው። ይሄን ለአለቃሽ አሳዪው።

ከሱ ጋር የተያያዘ፣ ከ2025 ውድድር ጀምሮ ሴቶቹም "ዩኒት" የሚባለውን ገንዘብ ማግኘት ጀምረዋል። ወንዶቹ ለብዙ አስርት ዓመታት ሲያገኙት የነበረ ነው፣ ውድድሩ ላይ ከፋይናሉ በቀር አንድ ጨዋታ በተጫወትሽ ቁጥር ለኮንፈረንስሽ፣ ማለትም ኮሌጅሽ ላለበት ሊግ፣ ብር ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት የተመደበው 15 ሚሊዮን ነው፣ ከዛ 20፣ ከዛ 25 ይሆናል። የአንድ ዩኒት ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 113 ሺህ ዶላር ነው፣ ክፍያው ለሶስት ዓመት ይቀጥላል። ከወንዶቹ ጋር አይገናኝም፣ የነሱ በስድስት ዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋል። ግን ለትንሽ ኮንፈረንስ አንድም ቡድን ብቻ ቢያልፍለት ያች ብር ብር ናት፣ እናንተ ባታልፉም ያለፈችውን ቡድን ኮንፈረንሱ እንዴት እንደሚያካፍል ህጉን ፈልጊና አንብቢ።

አሁን ወደ ኪሳችሁ። ትናንሽ ስፖንሰሮች ላይ ሂጂ፣ የጥርስ ሀኪም፣ ሪልስቴት የሚሰራ፣ ሆም ኬር፣ ኢንሹራንስ፣ ታክስ ቢሮ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ በኛ ሰው እጅ ያለ ቢዝነስ ስንት ነው በዚህ አካባቢ። ግን የወንዶቹ ላይ ተደርቦ ሳይሆን የሴቶቹን ብቻ ሽጪላቸው። የታክስ ጉዳይ አለበት፣ ስፖንሰሩን ስሙን፣ ሎጎውን፣ አድራሻውን አስታውቀሽ ካመሰገንሽ ኮሌጁ ታክስ አይነካውም፣ ግን ማይክ ላይ "ከሁሉ የተሻለ፣ በቅናሽ፣ ዛሬውኑ ይግዙ" ከተባለ ማስታወቂያ ይሆንና ታክስ ሊመጣበት ይችላል። ማይክ የሚይዘውን ሰው ይሄን አስተምሪው፣ ብዙ ቦታ ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ።

ዶነሽን ላይ፣ ከ2018 ጀምሮ ወንበር የመግዛት መብት ለማግኘት የሚከፈል ስጦታ ከታክስ አይቀነስም፣ በፊት 80 በመቶው ይቀነስ ነበር። ስለዚ "200 ዶላር ስጥ ከፊት ወንበር እሰጥሃለሁ" አትበዪ፣ ወንበሩን በዋጋው ሽጪ፣ ስጦታውን ለብቻው ጠይቂ። ከ2026 ጀምሮ ደሞ አይተማይዝ የማያደርግ፣ ማለትም ታክስ ሲሞላ ተቀናሾቹን የማይዘረዝር ሰውም በጥሬ ብር ከሰጠው ላይ እስከ 1 ሺህ ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ እስከ 2 ሺህ ዶላር መቀነስ ይችላል፣ ይሄ አብዛኛውን የኛን ሰው ይመለከታል። መስሪያ ቤታቸው የሰጡትን ያህል የሚጨምርላቸውም ብዙ ናቸው፣ ፎርሙን የሚሞላው ግን የለም፣ አንቺ ሊንኩን ላኪላቸው።

የመጨረሻው ይሄ የባጀት ማስፈራሪያ ነው። ታይትል ናይን፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የፆታ መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ህግ፣ እያንዳንዷ ዶላር እኩል ትሁን አይልም፣ ግን በጉዞ፣ በሆቴል፣ በምግብ አበል፣ በልምምድ ሰዓት ሴቶቹ እኩል መስተናገድ አለባቸው፣ "ገቢ አላመጡም" ማለት መከላከያ አይሆንም፣ "የወንዶቹን የከፈለው ዶነር ነው" ማለትም አይሆንም። ወንዶቹ በፕሌን እየሄዱ ሴቶቹን 7 ሰዓት በባስ ማመላለስ ራሱ የሚጠየቅ ነገር ነው። ፀብ አንሺ እያልኩሽ አደለም፣ በፕላንሽ ውስጥ በአንድ መስመር አስገቢውና ዝም በዪ፣ ያነቡታል።

—

ያሬድ_አትላንታ፦

አካውንታንቱ የጠቀስከው ሁሉ ልክ ነው፣ እማማ ግን ነፃ ትኬት ይቁም ባሉት ላይ ትንሽ አልስማማም። ለአዋቂ ይቁም፣ ለህፃን ግን አይደለም። 12 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን አይመጣም፣ የሚያመጣው ሰው ይከፍላል። ደሞ ከኛ በላይ ያለችውን ሳውዝ ካሮላይናን እዩ፣ ኮቿ ዶን ስቴሊ በ2008 ስትመጣ ጂሙ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፣ ዛሬ ባለ 18 ሺህ ወንበሩን አሬና ይሞላሉ፣ ከ2015 ጀምሮ በተመልካች ብዛት አገሩን ሲመሩ ኖረዋል። ያኔ ትኬቱን ርካሽ አድርገው ነው ሰዉን ያስለመዱት እንጂ በውድ ዋጋ አልጀመሩም።

—

እማማ_ቡና_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ያሬድ ልጄ ርካሽና ምርቃት አንድ አደሉም። ርካሽ ይሁን ብያለሁ እኮ። ለህፃናቱ ግን እሺ፣ ተስማምቻለሁ።

—

የሁለት_ሴት_ልጆች_አባት፦

እኔ ልፅፍ የፈለግኩት እንደ ገዢ ነው፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፣ ሁለቱም ልጆቼ ባስኬትቦል ይጫወታሉ፣ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። ህሊና የምትሸጪው ለኔ ነው፣ ስለዚ እኔ ብሬን ለምን እንደማወጣ ልንገርሽ።

ባለፈው ክረምት አንድ ኮሌጅ ሄድን፣ ትንሽ ኮሌጅ ነው፣ የልጆቼ ቡድን በሃፍታይም ሜዳው ላይ 5 ደቂቃ እንዲጫወት ተጋብዞ ነበር። ለአምስት ደቂቃ! 10 ልጆች ናቸው፣ ግን ከኛ ቤት ብቻ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቷ፣ አማቴ፣ ታናሿ፣ ሁላችንም ከፍለን ገባን፣ አማቴ ነጠላቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት፣ ባስኬትቦል አይተው አያውቁም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጫዋቾቹ ልብስ ሳይቀይሩ ሳይታጠቡ 20 ደቂቃ ያህል ሜዳው ላይ ቆመው ለልጆቹ ፈረሙላቸው። አንዷ ተጫዋች የትንሿን ልጄን ስም ጠየቀቻት፣ ከዛ በሚቀጥለው ጨዋታ ከሩቅ አይታ በስሟ ጠራቻት። በቃ። ከዛ በኋላ ሰባት ጨዋታ ሄደናል። ለምን ትሄዳለህ ብትዪኝ የልጄን ስም ስለምታውቅ ነው። የዛች ልጅ ቁጥር ያለበት ማሊያ ፈልጌ ጠየቅኩ፣ የወንዶቹ ነው ያለን አሉኝ፣ የሴቶቹ ስም ያለበት አንድም አልነበራቸውም፣ 80 ዶላር ኪሴ ውስጥ ይዤ ተመለስኩ። እናንተም ጋ እንዲ ከሆነ ነገ ጠዋት አስተካክዪው።

ካምፕም እንደዛው፣ ሰመር ላይ የአንድ ሳምንት የቀን ካምፕ ልጆቹን የሚያሰለጥኑት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከሆኑ እኔ ሁለቱንም እከፍላለሁ፣ የመመዝገቢያ ዋጋው ውስጥ ሁለት የሲዝኑ ጨዋታ ትኬት ይካተት፣ ያኔ ኖቬምበር ሲመጣ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው "አባዬ መቼ ነው" የሚሉኝ።

ሌላ፣ ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት በአንድ የሳምንቱ ቀን ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ ጨዋታ ወስደዋቸው ነበር፣ ከብዙ ትምህርት ቤት ስኩልባስ በስኩልባስ ነው የመጣው፣ ጂሙ በልጆች ጩኸት ሊፈርስ ነበር አለችኝ። የተሰጣቸው ወረቀት ላይ የፍሪ ስሮው ፐርሰንት እያሰሉ ነው ሂሳብ የተማሩት። ትኬቱ 5 ዶላር መሰለኝ፣ ግን በ2 ሺህ ልጅ አባዢው፣ ደሞ ምሳውን ስፖንሰር የሚከፍልልሽ ባንክ ወይ ሱፐርማርኬት አይጠፋም። ከዛ ያ ልጅ ቤቱ ሲገባ በእጁ ለቅዳሜ ጨዋታ ኩፖን ይኑረው።

—

ሰሚራ_ሃርትፎርድ፦

የጎረቤቶቼን ነገር ልጨምር። እዚህ ኮነቲከት ውስጥ የዩኮን፣ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሴቶች እንዲ የተወደዱት በማሸነፍ ብቻ አይመስለኝም፣ እርግጥ እስከ 2025 ድረስ 12 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል። ከ90ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመት ጨዋታቸውን የሚያስተላልፈው የስቴቱ የህዝብ ቴሌቪዥን ነበር፣ ኬብል አያስፈልገውም፣ አንቴና ያለው ሁሉ ያያል። አሮጊት ጎረቤቴ የኮቹን የጂኖን ልጆች እንደ ልጅ ልጆቿ ነው የምታወራቸው፣ ማን ጉልበቷን እንደታመመች፣ ማን እንደተመረቀች። ህሊና የናንተ ጨዋታ ስትሪም የሚደረገው ክፍያ ያለው ቦታ ላይ ከሆነ ቢያንስ ሃይላይቱን፣ ልጆቹ የሚያወሩበትን ቪዲዮ፣ በነፃ ልቀቁት። ስማቸውን የማያውቀውን ልጅ ማንም ሊያይ አይመጣም። ቪዲዮው በነፃ ይሁን፣ ወንበሩ በብር።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ገቢ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ጋራንቲ ጌም ነው፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጋ ሄዶ ተሸንፎ ቼክ ይዞ መመለስ። አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ልጆቹም ትልቅ አሬና ላይ መጫወት ይወዳሉ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ዲሴምበር ላይ ቡድኑ 2 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ይጠብቅሻል፣ ማን ሊያያቸው ይመጣል? የሴቶቹ ቼክ ደሞ ከወንዶቹ ያነሰ ነው።

—

ህሊና_ከአሌክሳንድሪያ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው ያነበብኩት። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ያደረኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መጋዘን ገብቼ ማሊያ ቆጠርኩ። የሴቶቹ ዜሮ። አንድም የለም። ሱቁን የሚይዘውን ልጅ ጠየቅኩት፣ "ማንም ጠይቆ አያውቅም" አለኝ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ ያንተን ፅሁፍ አሳየሁት። ትንሽ ዝም ብሎ 60 ማሊያ ለማዘዝ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ሊጠይቅልኝ ሄደ።

ከዛ የባለፈውን ዓመት የትኬት ዳታ አወጣሁ። የወንዶቹን ሲዝን ትኬት የገዙትን ለየሁና ከነሱ ውስጥ ስንቱ የሴቶች ጨዋታ ላይ ባርኮዱን እንዳስነካ አየሁ። 41 ሰዎች ከአምስት ጊዜ በላይ መጥተዋል። በነፃ ነው የመጡት ግን በዝናብም በበረዶም መጥተዋል። ለነዚህ 41 ሰዎች ራሴ ልደውል ነው፣ ኢሜይል አልልክም፣ እማማ እንዳሉት በስም። የሴቶች ሲዝን ትኬት ለብቻው 75 ዶላር እንዲሆን ነው የማቀርበው፣ ከ12 ዓመት በታች ነፃ፣ ያሬድ እንዳለው። ከ41ዱ ግማሹ ከገዛ ለአለቃዬ የማሳየው ቁጥር አገኘሁ፣ ትልቅ ብር ሆኖ አደለም፣ ግን ለብቻው መስመር ያለው ብር ነው።

የጠዋቱን የትምህርት ቤት ጨዋታ ኮቿ ሰምታ በጣም ነው የተደሰተችው፣ ልጆቹ ክላስ ስላላቸው የትኛው ቀን እንደሚሆን ከሬጅስትራር ጋር እያየች ነው። የካምፑ ነገር ለዚህ ዓመት አልፏል፣ ለሚቀጥለው። ጋራንቲ ጌም አንድ ተይዟል፣ ሁለተኛ እንዳይጨመር እናገራለሁ። ስለ ታይትል ናይን ያልከኝን መስመር አካውንታንቱ አስገብቼዋለሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የፃፍኩት።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ እሱን ብቻዬን አልችለውም። ኖቬምበር ላይ ቅዳሜ 2 ሰዓት ከሰዓት የሚጀምር ጨዋታ አለን፣ ለሱ ሁለት የልጆች ቡድን ለሃፍታይም እና 150 ትኬት የሚሸጥ አንድ ማህበር እፈልጋለሁ፣ ከያንዳንዱ 3 ዶላር ለማህበሩ። ጾም ከመግባቱ በፊት ነው፣ አይቻለሁ። ማንን ላናግር?

—

የሁለት_ሴት_ልጆች_አባት፦

አንዱ ቡድን የኔ ልጆች ይሆናሉ፣ ኮቻቸውን ዛሬ ማታ ልምምድ ላይ አገኘዋለሁ። ሰዓቱንና ቀኑን በውስጥ ላኪልኝ።

—

እማማ_ቡና_ሲልቨርስፕሪንግ፦

የእሁድ ትምህርት ቤት ልጆቹን የምታስተባብረዋን አውቃታለሁ፣ የክርስትና ልጄ ናት። ግን ስልኳን አልሰጥሽም፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነይና ራሴ አገናኝሻለሁ፣ ከተጫዋቾቹ አንዷን ይዘሽ ነይ፣ ረጅሟን።